ካሜራ ብቻ ወይስ ከነራዳሩ? ለጎንደር መንገድ የሚሆነው መኪና

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ሁለት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች አይቼ መወሰን አቃተኝ። አንደኛው አደጋ ሲያይ ራሱ ፍሬን የሚይዘው በካሜራ ብቻ ነው። ሻጩ ‹ራዳር ያረጀ ነገር ነው፣ ዓለም ወደ ካሜራ ሄዷል› ይለኛል። ሁለተኛው ካሜራም ራዳርም አለው፤ ግን ፊቱ ትንሽ ተመትቶ ተሠርቷል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ቤተሰብ ይዤ ባሕር ዳር እወርዳለሁ፤ አንዳንዴም ደባርቅ እወጣለሁ። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ። እኔ ብሆን የምገዛው ሁለተኛውን ነው። ግን ፊቱ እንዴት እንደተሠራ በዓይኔ ሳላይ ቀብድ አልሰጥም። አሠራሩ ካላማረኝ ትቼው የመጀመሪያውን እወስዳለሁ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ልጆች ጭነህ ስለምትሄድበት ነገር በሁለት መሥመር መልሶ መገላገል ልቤ አይፈቅድም። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከቆመበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰውም በዝቷል።

መጀመሪያ ካሜራውን እንይ። ያለው ከፊት መስታወቱ ጀርባ፣ ከውስጥ ስፖኪዮው አጠገብ ነው። እሱ ያየውን ምስል ኮምፒውተሩ ይቀበልና ይህ ሰው ነው፣ ይህ መኪና ነው፣ ይህ የመንገድ መሥመር ነው ብሎ ይለያል። የአንድን ነገር ምንነት በማወቅ ካሜራን የሚያክል የለም። የፍጥነት ገደብ ምልክት የሚያነበው እሱ ነው። የፊተኛው መኪና የፍሬን መብራት ሲበራ የሚያየውም እሱ ነው። ራዳር ቀለም አያውቅም፤ ጽሑፍም አያነብም።

የካሜራ ጣጣው ርቀት ላይ ነው። ወደ ፊት የሚያይ አንድ ካሜራ ብቻ ያለው መኪና ርቀትን አይለካም፤ ይገምታል። ከሚገምትባቸው ዘዴዎች አንዱ የፊተኛው መኪና ጎማ መሬት የነካበትን ቦታ ማየት ነው። ጎማው በምስሉ ላይ ወደ ታች ከታየ መኪናው ቅርብ ነው ይላል፤ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ከታየ ሩቅ ነው ይላል። ይህ ወረታ አካባቢ፣ የፎገራ ሜዳ ላይ ጥሩ ይሠራል። የእኛ ከተማ ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከፊትህ ያለው መንገድ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ዳገቱን የጀመረው መኪና በምስሉ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ካለበት ይልቅ የራቀ ሊመስል ይችላል። አዳዲስ ሶፍትዌሮች ይህንን በሌላ ፍንጭ ያርሙታል። የመኪናውን ስፋት ያያሉ፤ በየቅጽበቱ በምስሉ ላይ ምን ያህል እየተለቀ እንደመጣ ያሰላሉ። ቢሆንም ግምት ግምት ነው።

እዚህ ላይ ለካሜራ ልከራከርለት። ካሜራ ብቻ የሚባሉት መኪናዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ሱባሩ «አይሳይት» የሚለውን ዘዴ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያወጣ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ነው የሰቀለው። ሁለቱ የሚያዩትን ልዩነት አነጻጽሮ ርቀት ያሰላል፤ የሰው ሁለት ዓይን እንደሚሠራው ማለት ነው። ያለ ፊት ራዳር በደንብ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩን ወደ ፊት የሚያየው ካሜራ ስንት እንደሆነ ጠይቀው። አንድ ከሆነ ከላይ ያልኩህ ሁሉ ይመለከተዋል።

አሁን ወደ ራዳር። ራዳር ብርሃን አይፈልግም። የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ነገር ነክቶ ሲመለስ ይቀበላል። የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ማዶ ላይ ጮኸህ ድምፅህ ቶሎ ከተመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ልዩነቱ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ ነው። 150 ሜትር ርቀት ላይ ካለ መኪና ነጥሮ የሚመለሰው በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ ነው። ራዳሩ ያችን ጊዜ ይለካል። እዚህ ጋ ግምት የለም።

ከርቀቱ ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ፍጥነት የሚያውቅበት መንገድ ነው። መንገድ ዳር ቆመህ ኢሱዙ ክላክስ እያደረገ ሲያልፍህ አስተውለህ ታውቃለህ? ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ካለፈህ በኋላ ይወፍራል። የራዳሩ ሞገድም እንደዚያው ነው። ወደ አንተ ከሚመጣ ነገር ነጥሮ ሲመለስ ይቀጥናል፤ ከሚርቅ ነገር ሲመለስ ይወፍራል። ከዚያች ለውጥ ፍጥነቱን ወዲያው ያነባል። ካሜራ ግን የፊተኛው መኪና ድንገት ፍሬን መያዙን ለማወቅ ምስሉ እስኪተልቅ ጥቂት መጠበቅ አለበት። በ80 ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳለህ። ግማሽ ሰከንድ መቅደም ማለት 11 ሜትር ማትረፍ ማለት ነው።

ሻጩ «ያረጀ ነው» ያለው በአንድ በኩል ልክ ነው። ክርስቲያን ሁልስማየር የሚባል ጀርመናዊ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1904፣ ኮሎኝ ከተማ ነው። ዓላማው መርከቦች በጭጋግ ውስጥ እንዳይጋጩ ነበር። እንግዲህ ያረጀው ሐሳብ የተፈጠረው ለጭጋግ ነው። አንተ ደግሞ በሐምሌ ደባርቅ የምትወጣ ሰው ነህ። አምባ ጊዮርጊስን አልፈህ ዳባት ስትቃረብ ጉሙ መንገዱ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚመስል አንተው ታውቀዋለህ። እዚያ ካሜራው የሚያየው አንተ የምታየውን ነጭ ነገር ብቻ ነው። የጉም ጠብታ ግን ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ነው፤ አሁን ያሉ የመኪና ራዳሮች የሚሠሩበት 77 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 4 ሚሊሜትር ይጠጋል። ሞገዱ ጉሙን ከምንም ሳይቆጥር ያልፈዋል። ከባድ ዝናብ ጥቂት ያዳክመዋል እንጂ አያስቆመውም። አቧራም፣ ጨለማም ለእሱ ለውጥ የላቸውም። ማታ ወደ 12 ሰዓት ላይ ከአዘዞ ወደ አይከል የሚሄድ ሾፌር ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። ካሜራው ያን ጊዜ ሊታወር ይችላል፤ ራዳሩ ፀሐይ መኖሯንም አያውቅም።

«ዓለም ወደ ካሜራ ሄዷል» የሚለው ደግሞ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። የሄደው ቴስላ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በሚሠራቸው ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ላይ ራዳር መግጠም አቆመ። በ2022 ሞዴል ኤስ እና ኤክስም ተከተሉ። ያቀረቡት ክርክር የሚናቅ አይደለም። ሰው በዓይኑ ብቻ ይነዳል ይላሉ። ካሜራው «ባዶ ነው» ራዳሩ «ነገር አለ» ሲሉ ኮምፒውተሩ ማንን ይመን? ይህ እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ዛሬም የምንጨቃጨቅበት እውነተኛ ችግር ነው። ግን ሌላውንም ጎን ስማ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወደ 416,000 በሚጠጉ ሞዴል 3 እና ዋይ መኪናዎች ላይ ምርመራ ከፈተ። ነጂዎች ያመለከቱት መኪናው ምንም በሌለበት ድንገት ፍሬን ይይዛል ብለው ነው። ብዙዎቹ ሌሎች አምራቾች ዛሬም ሁለቱን አብረው ይገጥማሉ። የአንድ ኩባንያ ምርጫ የዓለም ምርጫ አይደለም።

እስካሁን ራዳርን ሳሞግስ ቆየሁ። አሁን ደግሞ የማልወድለትን ልንገርህ፤ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ሊጎዳህ የሚችለው ይህ ነውና።

ራዳር ከቆመ ነገር ጋር አይስማማም። መንገድ ዳር ያለው ምልክት ያስተጋባል። ድልድይ ያስተጋባል። አስፋልት ላይ ያለ የብረት ክዳን ያስተጋባል። ለሁሉም ፍሬን ቢይዝ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ በተለይ የቆዩት ራዳሮች ከፍታን በደንብ ስለማይለዩ፣ ሶፍትዌሩ ከሩቅ የቆመን ነገር ብዙውን ጊዜ ቸል ይለዋል። የብዙ መኪናዎች መመሪያ መጽሐፍ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ስትነዳ ለቆመ መኪና ላይሠራ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ያለው ለዚህ ነው። አሁን ይህን ወደ እኛ አምጣው። ከማክሰኝት እስከ አዲስ ዘመን ባለው መንገድ በማታ አንድ ኢሱዙ ተበላሽቶ ቆሟል። የኋላ መብራት የለውም። ሾፌሩ ሦስት ማዕዘን ምልክት በማስቀመጥ ፈንታ ድንጋይ ደርድሮ ቅጠል ጥሏል። ራዳሩ ኢሱዙውን ከድልድይ ጋር አንድ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ድንጋዩና ቅጠሉ ለእሱ የሉም ማለት ይቻላል። አንተ በ80 እየነዳህ፣ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅብህ፣ 33 ሜትር ሄደሃል። ከዚያ ለመቆም በደረቅ አስፋልትም ከ30 ሜትር በላይ ትፈልጋለህ። አጭሩ መብራትህ ከዚያ እምብዛም አርቆ አያሳይህም።

ሁለቱ አብረው ስላሉም ሁሉ ነገር አልቋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ቴስላ መንገድ ከሚያቋርጥ ተሳቢ ጋር ተጋጭቶ ነጂው ሞተ። ያ መኪና ካሜራም ራዳርም ነበረው። ኩባንያው ያኔ እንደገለጸው፣ ነጩ የተሳቢ ጎን ከብሩህ ሰማይ ጋር ተመሳስሎ ሲስተሙም ነጂውም አላዩትም።

ስለ አህያ ሳላነሳ ብቀር ጎንደሬ አልባልም። ካሜራው የሚያውቀው የተማረውን ነው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ምስሎች ሰው፣ መኪና፣ ብስክሌት አሳይተው ያስተምሩታል። ጭድ የጫነች አህያን ከኋላ ስታያት ምን ትመስላለች? አራት ቀጫጭን እግር ያለው የጭድ ክምር ናት። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር የተማረ ካሜራ ብዙ ጊዜ አላየም። ቮልቮ ያጋጠመውን ላጫውትህ። ስዊድን ውስጥ ትልልቅ አጋዘኖችን ለይቶ የሚያውቅ ሲስተም ሠሩ፤ ጥሩ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 አውስትራሊያ ላይ ግን ካንጋሮ አደናገረው። ካንጋሮው አየር ላይ ሲሆን ሩቅ ይመስለዋል፤ መሬት ሲነካ ቅርብ ይመስለዋል። ቅድም ያልኩህ የጎማና የመሬት ነገር እዚህ መጣ። ራዳርም ለአህያ ብዙ አይረዳም። ብረት ሞገዱን በኃይል ይመልሳል፤ የእንስሳና የሰው ሰውነት ግን የሚመልሰው ከመኪና ሲነጻጸር ጥቂት ነው።  በምሽት ጋቢ ለብሶ መንገድ ዳር ለሚሄድ ሰውም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 አራት ዓይነት መኪናዎችን ሲፈትን፣ እግረኛን አይቶ የሚቆመው ሲስተም በጨለማ ዋጋ እንደሌለው ነው ያረጋገጠው። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ግን ሁለቱንም መኪና ብትገዛ፣ ለአህያና ለማታ እግረኛ ፍሬኑ የአንተ እግር ነው ብለህ ንዳ።

ሊማሊሞ ድረስ የምትዘልቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። የፊተኛውን መኪና እየተከተለ ፍጥነት የሚያስተካክለውን ክሩዝ እዚያ አጥፋው። የራዳሩ እይታ ጠባብ ነው። ጠመዝማዛው ላይ የፊተኛው መኪና ከእይታው ይወጣል። መኪናህ መንገዱ ባዶ ሆነ ብሎ ፍጥነት ሊጨምር ይችላል፤ ያውም ገደል አፋፍ ላይ። መኪናውን ከመሥመሩ እንዳይወጣ የሚጠብቀውን ደግሞ ብዙ አታስብበት፤ የተቀባ መሥመር በሌለበት ኮብልስቶንና ኮረኮንች ላይ ሥራ የለውም። ፒያሳ አካባቢ ባጃጅ በቀኝ በግራ ሲሾልክ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ሊያስመርርህ ይችላል። ያኔ ማስጠንቀቂያውን ዝቅ አድርገው እንጂ አውቶማቲክ ፍሬኑን አታጥፋው።

ወደ ግዢው ልመለስ። መጀመሪያ ሻጩ «ራዳር» የሚለው ምኑን እንደሆነ አጣራ። ፓራውልቱ ላይ የምታያቸው ትንንሽ ክብ ነጠብጣቦች ራዳር አይደሉም። ስታቆም ጢጥ ጢጥ የሚሉት ናቸው፤ የሚሠሩት በድምፅ ሞገድ ነው፤ የሚያዩትም ጥቂት ሜትር ነው። ቻይኖች በቋንቋቸው እነዚህንም «ራዳር» ይሏቸዋል። ከቻይና በቀጥታ የመጣ መኪና ወረቀቱ ሲተረጎም «ስምንት ራዳር አለው» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ብዙ ሰው ተታሏል። አንተ የምትፈልገው የሚሊሜትር ሞገድ ራዳር የሚባለውን ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት ፓራውልቱ መሐል፣ ዝቅ ብሎ፣ ከጥቁር ለስላሳ ፕላስቲክ ጀርባ ይቀመጣል። አንዳንድ መኪና ላይ ከአርማው ጀርባ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አርማው ቀዳዳ የሌለው፣ እንደ መስታወት ለስላሳ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የተመታ ፊት ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገርህ። አንድ ደንበኛዬ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መኪናው ያለ ምክንያት ፍሬን እየያዘ አስቸገረኝ ብሎ መጣ። ፊቱ ተመትቶ አንድ ጋራዥ ሠርቶት ነበር። ላሜራውም ቀለሙም ያምራል። ፈትቼ ሳየው የራዳሩ መያዣ ብረት በትንሹ ወደ ጎን ታጥፏል። ፓራውልቱ ላይ ደግሞ ልክ ራዳሩ ፊት ስቱኮ ወፍሮ ተለጥፏል፤ በዚያ ላይ የብር ቀለም ተቀብቷል። ትንሽ መታጠፍ ምንም ሊመስልህ ይችላል። አስበው እስቲ፦ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ75 ይስታል። ይህ የአንድ መሥመር ግማሽ ነው። ራዳሩ ሲያይ የነበረው ከጎን መሥመር የሚመጣውን መኪና ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ውስጥ ደግሞ የአሉሚኒየም ቅንጣት አለ፤ እየተደራረበ ሲቀባ ሞገዱን ያዳክመዋል። ስቱኮም እንደዚያው። ያንን መኪና መያዣውን ቀይረን፣ አዲስ ፓራውልት አስገብተን፣ ራዳሩን በመሣሪያ ካስተካከልን በኋላ ነው የዳነው። መኪናው ገጠር ይወጣል ብለህ ፊቱ ላይ የብረት መከላከያ ለማስበየድ አስበህ እንደሆነም ተወው። ራዳሩ ፊት ብረት ማቆም ዓይኑን በእጅ መሸፈን ነው።

ስለዚህ መኪናውን ልታይ ስትሄድ የእጅ ባትሪ ይዘህ ሂድ። ከፓራውልቱ ሥር ጎንበስ ብለህ ራዳሩን ፈልገው። መያዣው ቀጥ ብሏል? ብሎኖቹ ላይ የመፈታት ጭረት አለ? የፓራውልቱን ውስጠኛ ገጽ በእጅህ ዳብሰው፤ የተበየደ ፕላስቲክ ሻካራ ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይዘህ የፊት ራዳሩን ስህተት ያንብብልህ። ትናንት የተሰረዘ ስህተት ሊኖር ስለሚችል ከንባቡ በኋላ ራስህ ንዳው። ወንድም ወይም ጓደኛ በሌላ መኪና ከፊትህ ይሂድ። ከአዘዞ ወጣ ብሎ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ክሩዙን 50 ላይ አድርገህ ተከተለው፤ እግርህ ግን ከፍሬኑ አይራቅ። ጓደኛህ ቀስ ብሎ ፍጥነት ሲቀንስ መኪናህም ቀስ ብሎ መቀነስ አለበት። ከጎን የሚያልፍ መኪና ባየ ቁጥር ከደነገጠ፣ ወይም ጓደኛህን አሁን አይቶ አሁን ከጣለው፣ ራዳሩ ተዛብቷል።

ከተዛባ ሻጩ አዲስ ፓራውልትና መያዣ አስገብቶ አስተካክሎ እንዲያስረክብህ፣ ወይም ያንን የሚሸፍን ገንዘብ እንዲቀንስልህ ንገረው። ሁለቱንም እምቢ ካለ የመጀመሪያውን ግዛ። እሱን ከመግዛትህ በፊትም የፊት መስታወቱ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ። ከተቀየረ ካሜራው ከዚያ በኋላ ካሊብሬሽን፣ ማለትም እይታው በመሣሪያ የማስተካከል ሥራ፣ እንደተሠራለት ወረቀት አሳየኝ በለው።